ስምንት ኩንታል እህልና የተቋረጠ ቅሬ

የምክር ዓምድ

«ይድረስ ለእትዬ፣ ሰላምዎ ይብዛ። ዕድሜዬ 37 ነው። ኮምቦልቻ ሞተርና የውሃ ፓምፕ እየጠገንኩ እተዳደራለሁ። ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቼና አማቴ ከእኔ ጋር ናቸው፤ አማቴ ስኳር ስላለባቸው ኢንሱሊን ይወጋሉ። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ እቤቴ የነበረው የአራት ቀን ዱቄት ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ሁለተኛ እንዲህ ሆኜ አልገኝም ብዬ ማልኩ። አሁን ሦስት ኩንታል ዱቄትና አምስት ኩንታል በቆሎ በልጆቹ ክፍል ደርድሬአለሁ፤ ነቀዝ ስላስቸገረኝ ክኒን ከትቼበታለሁ። 60 ሊትር ቤንዚንና ምርጥ የበቆሎ ዘርም አለኝ። የምፈራው የአንድ ወር ጦርነት አይደለም። መንግሥት፣ ባንክ፣ መብራት፣ ሐኪም ለዓመታት ባይኖርስ ብዬ ነው። ኢንተርኔት ላይ የውጭ አገር ሰዎች እንዴት እንደሚዘጋጁ አያለሁ፤ ሁሉም ‹ለማንም አትናገር› ይላሉ። እኔም አልተናገርኩም። ለዚህ ብዬ ዕቁቡን ተውኩ፤ የቅሬውንም፣ የሰፈራችንን ዕድር፣ መዋጮ ካቆምኩ ዘጠኝ ወር ሆኖኛል። ባለቤቴ ‹ቤቱን መጋዘን አደረግኸው፣ ከሰውም ለየኸን› እያለች ታለቅሳለች። አሁን ደግሞ የጦር መሣሪያ ልገዛ እያሰብኩ ነው። የስንት ዓመት ስንቅ ይበቃል? ልክ እሷ ናት ወይስ እኔ?»

ወንድሜ፣

ሌላውን ሁሉ ከማንሣታችን በፊት ያን ክኒን ዛሬውኑ ከልጆቹ ክፍል አውጣው። ነገ አትበል። ነቀዙን የሚገድለው ክኒኑ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ የሚለቀው ጋዝ ነው፤ ያ ጋዝ ነቀዝና ሕፃን አይለይም። ከጆንያው ይወጣል፣ በበር ሥር ይሾልካል፣ ማርከሻ የለውም። ዛሬ ማታ ማንም እዚያ ክፍል አይደር። በርና መስኮቱን ከፍተህ አንተም ውጣ፤ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ጆንያዎቹን ሰው ወደማያድርበት፣ ነፋስ ወደሚያገኘው ቦታ አውጣቸው። ዱቄቱ ውስጥ ክኒን ገብቶ ከሆነ አይበላም፣ ተወው። በቆሎው ይተርፍ እንደሆነ የግብርና ባለሙያ አይቶ ይንገርህ። ከቤተሰቡ ራሱን ያመመው፣ ያስመለሰው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ካለ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት ውሰድና የነቀዝ ክኒን ቤት ውስጥ እንደነበር ንገራቸው። ቤንዚኑም ከዚያ ቤት ይውጣ። የቡና ከሰል በሚነድበት ጣሪያ ሥር 60 ሊትር ቤንዚን አስቀምጦ መተኛት አይሆንም፤ ደግሞም ወራት ሲያልፉ እየተበላሸ ሞተር አላስነሣ ይላል። ይህን ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ።

ይህን ካደረግህ አብሽር፣ አሁን እንነጋገር።

ፍርሃትህን አላቃልለውም። እኔም ደሴ ነበርኩ። ከጥቅምት 20 ገደማ እስከ ኅዳር 27፣ አምስት ሳምንት ያህል፣ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ ዝግ ነው። ስለዚህ «ዝም ብለህ ነው የምትሰጋው» የሚልህ ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም። የምለይህ በዝግጅትህ ነው። እንዴት እንደሆነ በአንድ ወፍጮ ላስረዳህ።

እኛ ሰፈር ስንዴና ማሽላ ያለው ቤት ጥቂት አልነበረም። መብራት ሲጠፋ ግን የወፍጮ ቤቱ ድምፅ አብሮ ጠፋ። እህል እያለ ዱቄት ጠፋ። ንፍሮና ቆሎ ስንበላ ሰነበትን፤ ጥርስ የሌላቸው አዛውንትና ጡት የጣሉ ሕፃናት ግን ቆሎ አይችሉም። አንድ ቀን ጎረቤቴ ግቢ፣ ቧንቧው ሥር፣ ልብስ የሚታጠብበት ድንጋይ ትዝ አለኝ። አራት ጎረምሶች ገለበጡት። ከሥሩ የድሮ የእጅ ወፍጮ ሆኖ ተገኘ፤ የሳሙና እድፍ ጋግሮበታል። በአመድና በፈላ ውሃ ፈተግነው። መጇ፣ ከላይ የምትገፋው ትንሿ ድንጋይ፣ ከሌላ ቤት፣ በር እንዳይዘጋ ተደግፎባት ተገኘች። የመጀመሪያው ስንዴ ሲፈጭ ግን እየተንሸራተተ ድፍኑን ወጣ፤ ድንጋዩ ልሟል። «ሳይወቀር እንዴት ይፈጫል?» አሉ አንዲት ጉልበታቸው የማይታጠፍ እናት ከተቀመጡበት። መወቀር ምን እንደሆነ ከእኛ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ከታች መንገድ ድንጋይ የሚጠርብ ሰው ተጠርቶ መጣና እሳቸው እየመሩት የለመውን ገጽ በመሮ እየመታ አሻከረው፣ ወቀረው። ከዚያ ልጃገረዶቹን ማስተማር ሆነ። «በክንድሽ አይደለም፣ በወገብሽ ነው የምትገፊው፤ ስትመለሺ መጇን አታንሻት» ይሏቸዋል። በሁለተኛው ቀን የሁሉም መዳፍ ውሃ ቋጠረ። ከማለዳ እስከ ረፋድ ተፈጭቶ ለሁለት ቤት ቂጣ ነበር የሚደርሰው። ቢሆንም ደረሰ።

ወንድሜ፣ የዚያ ቂጣ ስንዴ የአንድ ሰው ነው። ወፍጮው የሌላ፣ መጇ የሌላ፣ መሮው የሌላ፣ ዕውቀቱ የእኒያ እናት። አንተ አሁን የያዝከው ስንዴውን ብቻ ነው።

ደብዳቤህን ሁለት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የአራት ቀን ዱቄት ነበረኝ ብለሃል። ከተማው የተያዘው ግን ለአምስት ሳምንት ነው። ከአራተኛው ቀን በኋላ ምን በላችሁ? እሱ ደብዳቤህ ውስጥ የለም። በሕይወት አላችሁ፣ ልጆችህም አድገዋል፤ ስለዚህ አንድ ሰው፣ ምናልባትም ብዙ ሰው፣ አብልቷችኋል። ማን እንደሆኑ ባለቤትህን ጠይቃት። ሰሀን ይዛ በየትኛው በር እንደገባች እሷ አትረሳውም። ምናልባት የሚያስለቅሳት እነዚያን ሴቶች መንገድ ላይ ስታገኝ አንገቷን መድፋቷ ይሆናል።

ሰው ሁሉ መልአክ ነበር እያልኩ አይደለም። ጎረቤቱን የጠቆመም፣ የጎረቤቱን በር የገነጠለም ነበር። እኔ እንዳየሁት ግን ቀድሞ የተከፈተው ጠያቂ የሌለው፣ ማን እንዳለበት ሰው የማያውቀው ቤት ነው። ስንት ኩንታል እንዳለህ አደባባይ ወጥተህ አውራ አልልህም። ሰው እንዳያውቅህ ሆነህ መኖርና ስንቅን በልክ መሰወር ግን ለየቅል ናቸው።

የኢንተርኔቱን ዝርዝር ከተውክ የራሳችንን ላንሣልህ። ለዓመታት የሚቆይ ጥፋት ይህ አገር ያውቀዋል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በክፉ ቀን፣ «ደስታ» የሚሉት የከብት በሽታ ገብቶ ከብቱን ፈጀው። በሬ ሲያልቅ መሬት ጦም አደረ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው በዶማ ቆፍረው ሰዉን እንዳበረታቱ ተጽፏል። ያን ጊዜ ጎተራው የሞላ ሰውም ቢሆን የጎተራው ዕድሜ አንድ ክረምት፣ ሁለት ክረምት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለ በሬ ማብቀል የቻለ ነው የቀጠለው።

የ1965ቱና የ1966ቱ የወሎ ረሃብ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን ያን ረሃብ መርምሮ ያገኘው ዛሬም ያስደነግጠኛል፤ ገበሬው በየመንገዱ እየወደቀ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ከወትሮው ብዙም አልጨመረም ነበር። እንዲያውም ከወሎ ተጭኖ የሚወጣ እህል ነበር። ገበሬው ማሳው ከድቶታል፣ ከብቱን ቢያወጣ ዋጋ አያወጣለትም፤ እህሉ ፊቱ እያለ በምን ይግዛው? ስለዚህ በክፉ ጊዜ ለሌላው የምትሰጠው ምን አለህ የሚለው ጥያቄ፣ ስንት ኩንታል አለህ ከሚለው ይቀድማል። የብር ኖት የአምስት ሳምንት መፍትሔ ነው፤ ባንክ ሲዘጋ በዝርዝር ትንሽ እቤት መኖሩ ጠቅሞናል። ለዓመታት ግን አይሆንም።

አንተ የምትሰጠው አለህ፤ ለዚህ ነው ደብዳቤህ ያስቆጨኝ። ሞተርና ፓምፕ የሚጠግን ሰው በዚያ ወቅት ደሴ ላይ ብናገኝ በእንቅብ አንሥተን በዞርን ነበር! በየገጠሩ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ አለ። በየቀበሌው አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ቆሟል፤ አንዲት ጎማ ስታልቅበት ሰፈር ሙሉ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ለመሣሪያ የያዝከውን ገንዘብ ለቺንጋ፣ ለኩሽኔታ፣ ለጓርኒሲዮን፣ ለፊልትሮ፣ ለፓምፕ ጎማ አውለው። የትኛው ወፍጮ በናፍጣ እንደሚነሣ፣ የትኛው ጉድጓድ በእጅ እንደሚቀዳ ከአሁኑ ዞረህ እይ። ሁለት ልጆች በረዳትነት ያዝና እጃቸው እስኪፈታ አስተምር። አንተ ብትታመም ሙያው አብሮህ እንዳይተኛ ነው።

ስለ እህሉ የጠየቅኸኝን ልመልስ። በእርዳታ ሲሰፈር ለአንድ ሰው የወር እህል 15 ኪሎ ነው። አምስት ናችሁ፤ 75 ኪሎ በወር። ስምንት ኩንታሉ ዓመት አይሞላም፣ አሥር ወር ተኩል ገደማ ነው። ይህ ደግሞ ማንም ካልመጣባችሁ ነው። ወንድም ወይም እህት አለህ? ከነቤተሰባቸው ስድስት ሆነው በርህ ላይ ሲቆሙ አትመልሳቸውም፤ ባልና ሚስት ሆናችሁ በሩን ከፍታችሁ ትስማላችሁ። አሥራ አንድ ስትሆኑ አምስት ወር አይደርስም። ስለዚህ የዓመታቱን ስንቅ ተወው፣ አትችለውም፤ ማንም አይችለውም። የሦስት ወር ያዝ፣ ሁለት ኩንታል ከሩብ ያህል፤ ከቻልክ ለእንግዳ አንድ ኩንታል ጨምርበት። ዱቄት አድርገህ አይሁን፣ ዱቄት ወራት እንጂ ዓመት አይቆይም። አቅም ካለህ ከፊሉ ጤፍ ይሁን፤ ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም። ለሌላው እህል ባለ ሦስት ሽፋን አየር የማያስገባ ከረጢት አለ፣ ፒክስ የሚሉት፤ በደንብ የደረቀ እህል ሞልተህ አፉን አጥብቀህ ስታስረው ነቀዙ አየር አጥቶ ያልቃል፣ ክኒን አያሻውም። አሮጌውን እየበላችሁ በኅዳርና በታኅሣሥ እህል ሲረክስ በአዲስ ተኩት። በሶና ቋንጣ፣ ጨው፣ ሳሙና እንዳይረሳ።

ዘሩ ላይ ስሕተት አለ። ምርጥ ዘር ብለህ የገዛኸው ዲቃላ በቆሎ ከሆነ የመጀመሪያውን ዓመት ጥሩ ያበቅላል፤ ከምርቱ መልሰህ ስትዘራው ግን እንደ ወላጁ አይሆንም፣ ምርቱ ይወርዳል። በየዓመቱ ሻጭ ለሚኖርበት ዘመን የተሠራ ዘር ነው። ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ ቢርባችሁም አይበላም፣ መድኃኒት አለው። የምትፈራው ለዓመታት ሻጭ የማይኖርበትን ጊዜ ከሆነ የገበሬውን ዘር ፈልግ። በ1977ቱ ድርቅ ገበሬው ዘሩን ሳይቀር በልቶ ሲጨርስ ምን እንደጠፋ የገባቸው ዶክተር መላኩ ወረደ ነበሩ። አዲስ አበባ የነበረውን የዘር ማዕከል እየመሩ የአገሩን ዘር ሰብስበው፣ ወሎን ጨምሮ ከገበሬው ጋር በማሳው ላይ መልሰው አባዙት፤ በ1982 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ። ወሎ «ወተት በጉንጬ» የሚል ማሽላ ያለው አገር ነው! እሸቱን የበላ ስሙን ለምን እንዳወጡለት ያውቃል። ዘር በፌስታል ታስሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ያረጃል፤ በየዓመቱ የሚዘራ እጅ ይፈልጋል። ገጠር ዘመድ ካለህ ትንሽ ማሳ እኩል አርሱ። ክረምት ላይ ልጆችህን ውሰዳቸው፤ አረምና ቡቃያ ይለዩ።

አማትህን ከሚጦሩት ቆጥረሃቸዋል። ዕድሜያቸው 60 ካለፈ 1977ን በዓይናቸው አይተዋል። ምን እንደተበላ፣ ሳማው እንዴት እንደሚቀቀል፣ ማን ተሰደደ ማን ቀረ፣ ለምን፣ ቡና አፍልታችሁ አስወሯቸው። ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ይፍጅ።

ስለ ኢንሱሊኑ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋገር፤ ከአንድ ወር በላይ በእጅ የሚይዙበት መንገድ ካለ አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን እያስቀደሙ ይጠቀሙ። መብራት ሲጠፋ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ኮምቦልቻ ይሞቃልና ትንሽ ገንቦ በትልቅ ገንቦ ውስጥ አስቀምጥ፤ መሐሉን አሸዋ ሙላና አሸዋውን እያራስክ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነህ ጥላ ውስጥ አኑረው፤ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ዛሬ ሠርተህ ሞክረው፣ የዚያን ቀን አትጀምረው። ውሃ ሲጠራጠሩ ማፍላት ነው፤ እናንተ ጋ ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፣ እኛ ደሴ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን ሦስት ደቂቃ እናቆየዋለን። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ይህን ባለቤትህም ልጆችህም በቃላቸው ይወቁት።

መሣሪያውን አትግዛ። በእነዚያ ሳምንታት መሣሪያ አለበት የተባለ ቤት ነበር ደጋግሞ የሚፈተሸው። ሁለት ልጆች ያሉበት ቤት መሆኑንም አስብ። ደግሞስ ብቻህን ስንት ሌሊት ነቅተህ ታድራለህ? ሰፈር ሮንድ ሲወጣ በተራ ነው የሚተኛው።

ከሁሉ በላይ የደነገጥኩት በቅሬው ነው። ዘጠኝ ወር! ለመቶ ዓመት ጥፋት እዘጋጃለሁ ያለ ሰው ጥፋት ሲመጣ የሚጠራውን ሰው አስቀድሞ ተወ። ቅሬ ሬሳ ማንሻ ብቻ አይደለም፣ ይህን አንተም ታውቃለህ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ባንድ የሚዋጣበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት፣ ድንኳንና ትልልቅ ድስት በአንድ ቤት የተቀመጠበት ነው። መንግሥት በማይኖርበት ቀን ሰው ጠርቶ የሚሰበስብ፣ ለጠራውም ሰው የሚመጣለት ሌላ ምን አለን? በ2014 ድንኳን ሳይተከል፣ ተኩስ እየተሰማ የሰፈሩን ሰው የቀበሩት የቅሬ ሰዎች ናቸው፤ ቆሜ አይቻለሁ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ሂድ። የዘጠኝ ወሩን ከነመቀጮው ክፈል፤ ከተረፈው በቆሎ ደህና ነው የተባለውን ሽጠህም ቢሆን። የቅሬው ዳኛ ለምን ቀረህ ሲልህ እውነቱን ንገረው፤ «ፈርቼ ነው» በል። አንተ ብቻ እንዳልፈራህ ያኔ ታያለህ። ከዚያ ጠይቃቸው፤ በቅሬያችን ነርስ ማን ነው? ማዋለድ የሚችል? ብየዳ የሚችል? ኢንሱሊን የሚወጋው ስንት ሰው ነው? የእጅ ወፍጮ የማን ግቢ ተደፍቶ ተቀምጧል? እኛ ይህን ብናውቅ ኖሮ ወፍጮውን በአሥረኛው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ነበር የምንገለብጠው። ድስቱ በሚቀመጥበት ቤት አንድ ሁለት በርሜል ውሃ፣ አንድ ቃሬዛ፣ አንተ የምትሰጠው የመለዋወጫ ሣጥን ቢጨመር ምን ይላሉ? ይህን ስታቀርብ ያንተ ሙያ የቅሬው ሙያ ይሆናል፤ የእነሱም ያንተ።

እሷ ናት ልክ ወይስ እኔ አልከኝ። መፍራትህ ልክ ነው፤ እሷ ደግሞ ምን እንደጎደለ አይታለች። ያኔ በየበሩ ሰሀን ይዛ የዞረችው እሷ ናትና፣ ስብሰባው ላይ ከመሄድህ በፊት መጀመሪያ ከእሷ ጋር ተቀመጥ። የእነዚያን ቤቶች ስም ትነግርሃለች። በዓል ሲመጣ እሷና ልጆቹ ወደ እነዚያ ቤቶች ሰሀን ሞልተው ይሂዱ፤ አንተም አብረህ ሂድ።

እስከዚያው ግን ክኒኑን ያወጣህ ዕለት አንዲት መስመር ጻፍልኝ። ልጆቹ ደህና መሆናቸውን ብቻ።